የንባብ ደስታና የአንባቢ ግዴታ፦ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን በፌርፋክስ ጎዳና ስናነብ

መጽሐፍ ለምን ይነበባል? ለዚህ ጥያቄ በተማሪ ማኅበራት መድረክ ላይ ዘወትር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ለማወቅ፣ ለመንቃትና ለማንቃት ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። ሰው መጽሐፍ የሚያነበው ደስ ስለሚለውም ጭምር ነው። ይህን ግን በይፋ የሚናገር ብዙ አይገኝም። ቀን በትምህርት፣ ማታ በሥራ ተይዞ የሚውል ስደተኛ ተማሪ ከእንቅልፉ ሰዓት ሰርቆ ልብ ወለድ ሲያነብ ቢያድር፣ በማግሥቱ ዓይኑ ቀልቶ ጓደኞቹ ምን ነካህ ሲሉት፣ «ለፈተና ሳጠና ነው» ማለት ይቀለዋል። ደስታው እንደ ነውር ተሸፋፍኖ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሽፋን መግለጥ፣ ከገለጡትም በኋላ ደስታው ራሱ ከሒስ ነፃ አለመሆኑን ማሳየት ነው።

በደፈናው ስለ ንባብ ጥቅም መናገር ከስብከት አያልፍምና ክርክራችንን በአንድ መጽሐፍ ላይ እናቆማለን። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ይባላል። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን፣ በዓመቱም የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘችበትን ረጅም ልብ ወለድ ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኰንን ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአገራችን የንባብ ታሪክ ውስጥ ለንባብ ፍቅር ይህን ያህል ድካምና ድፍረት የጠየቀ ሌላ ትርጉም ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ለዚህ መጽሐፍ ባዕድ አይደለችም፤ ስለዚህም በፌርፋክስ ጎዳና የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲያነበው፣ አዲስ አበባ ላይ ያልነበረ ጥያቄ ይነሣበታል።

በቅድሚያ የትርጉሙን ታሪክ እናስታውስ። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ በማዕከላዊ በቆየባቸው ዓመታት ይህ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በእስረኞች መካከል ተገኘ። ከአንድ ሺሕ ገጽ በላይ የሆነውን ልብ ወለድ ለመተርጐም ወረቀት አልነበረም። የነበረው የሲጋራ ፓኮ ነው። በፓኮው ውስጥ ሲጋራውን የሚሸፍነው ብልጭልጭ ወረቀት ጀርባው ነጭ ነውና፣ የእስር ጓዶቹ እያጠራቀሙ ሰጡት፤ እርሱም በመዳፍ በምትሸፈን ቁራጭ ላይ ፊደሉን አድቅቆ እየጻፈ፣ የተረጐመውን ለጓዶቹ እያነበበ፣ 3,000 ያህል ቁራጭ ሞላ። ቁራጮቹ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ተደብቀው ከእስር ቤቱ ወጡ። ነቢይም ከተፈታ በኋላ የተበተነውን ሰብስቦ ለኅትመት አበቃው። ተርጓሚው በ2016 ዓ.ም. (2024 እ.ኤ.አ.) ዐረፈ። ማዕከላዊም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለእስር መዋሉ ቀርቷል። መጽሐፉ ከሁለቱም በኋላ ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ የተጻፈውና የወጣው ነገር መግለጫ አልነበረም፤ የድርጅት ፕሮግራምም አልነበረም። የአንዲት ቅምጥል የባላባት ልጅ የፍቅርና የጦርነት ታሪክ ነበር። ስለ መሬት ለአራሹ፣ ስለ ብሔረሰቦች መብት፣ ስለ ሕዝባዊ መንግሥት ሲከራከር ያደገ ትውልድ በሞትና በሕይወት መካከል በተቀመጠበት ሰዓት ስለ ስካርሌት ኦሃራ ሊሰማ ተሰበሰበ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ቀላሉ መልስ «መዘናጊያ ፈልገው ነው» የሚለው ነው። ይህ መልስ እኛን አያጠግበንም። መዘናጋት የሚፈልግ እስረኛ ካርታ ይጫወታል፣ ይተኛል፣ ያወጋል። ሲጋራ ወረቀት አጠራቅሞ፣ ፍተሻ ፈርቶ፣ ነገ የሚነበበውን ምዕራፍ ዛሬ የሚናፍቅ ሰው መዘናጋት ብቻ አይደለም የሚሻው። በልብ ወለዱ ውስጥ ከተማ ይነዳል፤ የጠገበ ቤት ይራባል፤ ትናንት ጌታ የነበረ ዛሬ ሥር ቆፍሮ ይበላል፤ የለመዱት ዓለም በአንድ ጊዜ ፈርሶ ሰው በባዶ እጁ እንደገና መጀመር ግድ ይሆንበታል። በ1966 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ የነበረውን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እስረኛው በጆርጂያ ስለ ነደደችው አትላንታ ሲሰማ የራሱን ዘመን ከሩቅ ቆሞ ለማየት ቻለ። በቅርብ ሲያዩት የሚያቃጥል ነገር በሌላ ሰው ታሪክ በኩል ሲመጣ ይታሰባል፤ ይመዘናል፤ አንዳንድ ጊዜም ያስቃል። የንባብ ደስታ የምንለው ይህንን ነው፦ ከራስ ሳይሸሹ ከራስ ላይ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ መቆም።

ሌላም ምክንያት አለ። ታሪኩ ለብቻ በዝምታ አልተነበበም፤ ተነቦ ተሰማ። ይህ ደግሞ በአገራችን ሥር ያለው ልማድ ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ተማሪ ከፊደል ወደ ንባብ ቤት ሲሻገር የሚማረው ድምፅን ነው፤ መጣሉን፣ ማንሣቱን፣ ማጥበቁን፣ ማላላቱን። ዳዊት ደገመ የተባለ ልጅ ለመንደሩ ሰው ይሰማል። ዘመናዊው ልብ ወለድም ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች ዐወቃቸው፤ ጉዱ ካሣንም እንደ ዘመዱ ጠቀሰው። በዚህ ረገድ የማዕከላዊው ክፍልና ሬዲዮ የተከፈተበት ሳሎን ዘመዳሞች ናቸው። አንዱ አንብቦ ሌላው ሲሰማ ደስታው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

እንግዲህ ወደ ከበደው ተቃውሞ እንምጣ። አንድ ተራማጅ አንባቢ ሊለን ይችላል፦ «ይህ የምታወድሱት መጽሐፍ የባሪያ አሳዳሪዎችን ሥርዓት አስውቦ የሚያለቅስ መጽሐፍ ነው። ባሪያው በባርነቱ ደስተኛ፣ ለጌታው ታማኝ ሆኖ ተሥሏል። ነፃ የወጣው ጥቁር አስፈሪ ሆኖ ቀርቧል። ፊቱን ሸፍኖ በሌሊት ጥቁሮችን የሚያድነው ቡድን ክብሩን የሚያስጠብቅ ጨዋ ሆኖ ታይቷል። ከእንደዚህ ያለ መጽሐፍ ደስታ መቅዳት ነውር አይደለምን?»

ተቃውሞው እውነት ነው። አንዱንም ቃል አናስተባብልም። እንዲያውም ሎስ አንጀለስ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ተቃውሞው ይብሳል። ከልብ ወለዱ የተሠራው ፊልም በ1939 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በአብዛኛው የተቀረጸው በዚሁ በካልቨር ሲቲ ነው፤ ከፌርፋክስ ጎዳና በመኪና ጥቂት ደቂቃ ቢነዱ ይደረሳል። «አትላንታ ነደደች» ተብሎ ዓለም ያየው እሳት የተለኮሰው እዚያ ነው። በፊልሙ ውስጥ የሞግዚቷን ቦታ የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 እ.ኤ.አ. ኦስካር በማግኘት ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሽልማቱ በዚህችው ከተማ በአምባሳደር ሆቴል ሲሰጥ ግን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አልተቀመጠችም፤ ለብቻ በተሰናዳ ገበታ ላይ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሹገር ሂል በተባለው ሰፈር የገዛችውን ቤት፣ ጥቁር እዚህ መኖር አይችልም በሚል ውል ሊነጥቋት ተነሥተው፣ እርሷና ጎረቤቶቿ በ1945 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ረቱ። ልብ ወለዱ በደስተኛ አገልጋይነት የሣላትን ሴት የተጫወተችው ተዋናይ በእውኑ ሕይወቷ መብቷን በችሎት ያስከበረች ሴት ነበረች። ይህንን የማያውቅ የሎስ አንጀለስ አንባቢ መጽሐፉን ግማሹን ብቻ አንብቧል።

ማዕከላዊ ውስጥ የነበረው አንባቢ በዚህ አይወቀስም። እርሱ በመጽሐፉ ውስጥ የፈለገው የፈረሰ ቤቱን ነበር፤ አገኘውም። በፌርፋክስ ያለው አንባቢ ግን በአሜሪካ ምድር ጥቁር ሆኖ ይኖራል። ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆመው፣ አከራይ ፊቱን ሲያይ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ ሌላ ብሎ የሚለየው የለም። ከእርሱ ሰፈር በስተ ደቡብ በክሬንሾውና በላይመርት ፓርክ የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን የዚያች ሞግዚት የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ቢሆንም ንባቡ ሁለት ነው። አንዱ ንባብ ሌላውን አይሽረውም። የመጀመሪያው መጽሐፉ ምን እንደ ሰጠ ይነግረናል፤ ሁለተኛው በማን ኪሣራ እንደ ሰጠ ይጠይቃል።

ታዲያ መፍትሔው መጽሐፉን አለማንበብ ነውን? በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፤ አይደለም። በማጠቃለያ ሰምቶ የሚያወግዝ ሰው የመጽሐፉን ኃይል አያውቀውም። ኃይሉን የሚያውቀው በታሪኩ ተይዞ፣ ለስካርሌት አዝኖ፣ እንድታሸንፍ ተመኝቶ፣ ከዚያ ገጹን ገታ አድርጎ «ቆይ፣ እኔን ለማን ነው ያሳዘነኝ?» ብሎ የጠየቀው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ጥርጣሬው የሚጠቅመው መጀመሪያ ልቡን ለከፈተ አንባቢ ነው። ያልጣመው ሰው የት ላይ እንደ ተታለለ ሊያሳየን አይችልም፤ ስላልተታለለ ሳይሆን ስላልቀመሰ። ስለሆነም ደስታ የሒስ ጠላት ነው የሚለውን አንቀበልም። ደስታ የሒስ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።

በተማሪው ንቅናቄ ዘመን የነበረው የንባብ ልማድ ከዚህ ነጥብ ሊመዘን ይገባል። የጥናት ክበቦቹ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። የሰሜን አሜሪካው የተማሪዎች ማኅበር «ቻሌንጅ» የተባለውን መጽሔት እያዘጋጀ፣ በየከተማው እየተሰበሰበ፣ ወጣቱን አንብቦ እንዲከራከር አድርጎታል። በእጅ የተገለበጠ፣ በማባዣ የተባዛ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የነበረው የማወቅ ጥማት ዛሬም ያስቀናል። ነገር ግን በክበብ የሚነበብ ነገር የሚነበበው ለመጥቀስ ነበር። ጥቅሱ ከተገኘ መጽሐፉ ይዘጋል። ልብ ወለድም ሲመጣ የሚጠየቀው «የማን ወገን ነው?» ተብሎ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ሳለ ብቸኛ መሆኑ ግን ጉዳት አመጣ። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አጻጻፉ ይከብዳል፣ ያወዛግባል ተብሎ ገሸሽ መደረጉ ከዚህ ልማድ ጋር የሚዛመድ ይመስለናል። በቀስታ የሚነበብ፣ ቃሉ የሚላመጥ መጽሐፍ ለሚቸኩል ትውልድ አልተመቸም።

አምባገነኖች ግን በዚህ ረገድ ከብዙ አብዮተኞች ይልቅ አስተዋዮች ነበሩ። ደስ የሚል መጽሐፍ አደገኛ መሆኑን ዐውቀዋል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከየመደብሩ የተለቀመው ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ መረጃ ስለያዘ ብቻ አይመስለንም። መረጃው በደረቁ ቢጻፍ ኖሮ ጥቂቶች አንብበውት በመዝገብ ቤት አቧራ ይለብስ ነበር። ያስፈራው ነገር ፍቅርና ስለላ የተጠላለፈበት፣ ጀምረው የማያስቀምጡት ታሪክ መሆኑ ነው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ ግን በስውር እየተዟዟረ ተነበበ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ደስታ ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ደም ባላስከፈለ ነበር።

ይህ ነገር በኛ ብቻ የታየ አይደለም። በዚህችው በሎስ አንጀለስ ከኛ በፊት ሌሎች ስደተኞች ኖረዋል። ከሂትለር የሸሸው ጀርመናዊው ደራሲ ሊዮን ፎይክትቫንገር በበርሊን የነበረው ቤተ መጻሕፍቱ በናዚዎች ተወረሰ፤ በፈረንሳይ ሁለተኛ አቋቁሞ እርሱንም ትቶ ለመሸሽ ተገደደ፤ በመጨረሻ በፓሲፊክ ፓሊሴድስ ሦስተኛውን አደራጀ። በአሥር ሺሖች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ነበሩት። አገሩን ሁለት ጊዜ ለተነጠቀ ሰው መጽሐፍ መሰብሰብ የቅንጦት ሥራ አልነበረም፤ መቆሚያ መሬት ነበር እንጂ። ወዳጁ ቤርቶልት ብሬክት በሳንታ ሞኒካ እስከ 1947 እ.ኤ.አ. በስደት ኖሮ ወደ አውሮፓ በተመለሰ በማግሥቱ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ቴአትር በጻፈው ድርሰት፣ የቴአትር ዋና ሥራው ተመልካቹን ማስደሰት መሆኑን ያለ ማመንታት አስቀምጧል። ይህንን የጻፈው ኪነት ለኪነት ባይ አልነበረም። ኪነትን ለለውጥ መሣሪያ ያደረገ ማርክሳዊ ነበር። እርሱ ያላፈረበትን ደስታ የኛ አንባቢ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም።

አሁን ወደ ጎዳናችን እንመለስ። በፌርፋክስ ላይ ከኦሊምፒክ ቡሌቫርድ በስተ ደቡብ ያለው መንገድ በ2002 እ.ኤ.አ. በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ስሙን ያስገኙት ከ1980ዎቹ ጀምሮ እዚያ የከፈቱት ምግብ ቤቶችና ሱቆች ናቸው። እንጀራው አለ፣ ቡናው ይቆላል፣ ነጠላውና ጀበናው ይሸጣል። ምላስ አገሯን አልረሳችም። ዓይንና ጆሮ ግን እንዴት ናቸው? ስደተኛ ወላጅ ለልጁ ሽሮ ያበላዋል፤ ፊደል ሊያስቆጥረውም በሰንበት ይወስደዋል። ልጁ ግን ፊደል የሚቆጥረው እንደ ግዴታ ነው፤ ከፊደሉ ማዶ የሚጣፍጥ ታሪክ እንዳለ ማንም አላቀመሰውም። «ሀ ሁ» አውቆ በአማርኛ አንድም ጊዜ ስቆ የማያውቅ ልጅ ቋንቋውን ቢተው አይፈረድበትም። ለግዴታ የተማሩት ግዴታው ሲያበቃ ይረሳል። ደስ ብሎ የያዙት ግን አይለቅም።

ውጭ አገር መሆን ምክንያት አይሆንም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮማ ላይ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ከልደቱ ከአገር ውጭ መኖርን ያውቃል። ደግሞም በእጃችን ያለው ወረቀት ከሲጋራ ፓኮ ይሰፋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ከባድ አይደለም። የተማሪ ማኅበር በወር አንድ ምሽት ክርክሩን ገታ አድርጎ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ያስነብብ። አንባቢው ድምፁ የሚያምር ይሁን፤ ቡና ይፈላ፤ ልጆችም ይምጡ። የመጀመሪያው ሰዓት ለመስማት ብቻ ይሁን፤ «የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ አይከልከል፣ ግን ተራውን ይጠብቅ። ሁለተኛው ሰዓት ለዚያ ጥያቄ ይሰጥ፤ ያን ጊዜ ማንም በማጠቃለያ አይከራከርም፤ ሁሉም ሰምቷልና። መነሻ መጽሐፍ ለሚፈልግ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን እንመክራለን። ሲነበብም የነቢይ መኰንን ስም ከሃቲ ማክዳንኤል ስም ጋር ይነሣ። አንዱ በእስር ቤት ውስጥ ከዚያ ታሪክ ብርሃን አውጥቷል፤ ሌላይቱ በዚሁ ታሪክ ተከብራ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ የሚችል አንባቢ ማፍራት ከተቻለ የንባብ ምሽቱ ሥራውን ሠርቷል እንላለን።